ባለ እልፍኙና የምድጃዋ ባልቴት

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአንድ ጓዳ ውስጥ አንድ ጋን ነበር። በግራዋ ታሽቶ የታጠበ፣ በወይራ ጢስ የታጠነ፣ ጌሾና ብቅል ከውኃ ጋር የተጠነሰሰበት ጋን ነው። ጠማቂዋ እርሾ አልጨመረችበትም፤ የጠላ ወግ አይደለም። ነዋሪዎቹ በራሳቸው ጊዜ መጡ። ከፊሎቹ ከጌሾው ቅጠል ጋር ገቡ፤ ከፊሎቹ በብቅሉ ላይ ተሳፍረው መጡ፤ የቀሩት ደግሞ ካለፈው ጠመቃ ጀምሮ በሸክላው ስንጥቅ ውስጥ ጢሱን ችለው የከረሙ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጋኑ አገር ሆነ። ሁለት ዓይነት ሕዝብም ሰፈረበት።

አንደኞቹ ደቃቆቹ ናቸው፤ እርጎንም ጠላንም የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች። ቤታቸው፣ ትምህርት ቤት ህዋስ ብለን የተማርነው፣ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ቢሆን ነው። ጠንካራ አጥር አለው፤ ውስጡ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ መጋረጃ እንኳ አልተጋረደበትም። መኝታውም ማጀቱም ሸንጎውም እዚያው ነው። የአያት የቅድመ አያት ትእዛዝ ሁሉ የሰፈረበት መዝገብ፣ ዲኤንኤ፣ ጫፍ የሌለው ቀለበት ሆኖ መሐል ቤት ተዘርግቷል። ማንም ያየዋል፤ ማንም ይደርስበታል። ጸሐፊው ከመዝገቡ አንድ ትእዛዝ መገልበጥ ሲጀምር ራይቦዞም የሚባሉት ሠራተኞች ግልባጩ እስኪያልቅ አይጠብቁም፤ ከጸሐፊው እጅ ሥር የወጣውን መስመር ይዘው ወዲያው ሥራ ይገባሉ። የደቃቆቹ ፍጥነት ከዚህ ይመጣል። ትእዛዙ ተጽፎ ሳያልቅ ተፈጽሟል።

ሌላም ልማድ አላቸው። ከዋናው መዝገብ ውጭ ፕላዝሚድ የሚባሉ ትንንሽ ቀለበቶች ይይዛሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሁለት ብልሃት ተጽፎበታል። ጎረቤት ሲቸገር ቀለበቱን ገልብጠው በአጥር ያሻግሩለታል። የሚሰጡት ለልጅ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ዘር የማያገናኛቸውም ይቀባበላሉ። ሐኪሞች ይህን ልማድ በደንብ ያውቁታል፤ መድኃኒት የመቋቋም ብልሃት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው እየተሻገረ የሚያስቸግራቸው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኞቹ እርሾዎቹ ናቸው። የእነርሱ ቤት በቁመት ከደቃቆቹ ቤት አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይዘቱ ግን ከመቶ እጥፍ ያልፋል። ክፍል ክፍል አለው። ዕቃ ቤቱ ለብቻ ነው፤ የሚሠራው ነገር ሁሉ የሚታሸግበትና የሚላክበት ጓዳ ለብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የተከበረው ደግሞ እልፍኙ ነው፤ ኒውክለስ ይሉታል። መዝገቡ በ16 ጥቅል ተጠቅልሎ እዚያ ይቀመጣል። እልፍኙ በድርብ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ በግድግዳው ላይ በሮች አሉ፤ በየበሩ ጠባቂ አለ። ጸሐፊዎቹ ትእዛዙን ውስጥ ይገለብጣሉ፤ ያርሙታል፤ የማያስፈልገውን ቆርጠው ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ግልባጩ በበሩ አልፎ አዳራሽ ወዳሉት ሠራተኞች የሚደርሰው። ዘገምተኛ ነው፤ ግን ሥርዓት አለው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ባይኖር ትልቅ ቤት ማስተዳደርም ባልተቻለ። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ምድጃ አለ። ምድጃውን የምትጠብቀው አንዲት ባልቴት ናት። ስሟ በመጽሐፍ ሚቶኮንድሪያ ነው፤ በቤቱ ግን ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ጥንስሱ የጥጋብ ዘመን ነበር። ብቅሉ የገብሱን ስታርች እየፈታ ስኳር ያፈስሳል፤ እርሾውም ደቃቁም እኩል ይቀዳል። እርሾ ስኳር ሲትረፈረፍለት ምድጃውን ችላ ይላል፤ ይህ ባሕርዩ ነው። ስኳሩን ጠልቆ ሳያቃጥል በፍጥነት ወደ አልኮል እየለወጠ ይጥለዋል። አየር እያለ እንኳ እንዲህ ያደርጋል። ጥቅሙ ጥቂት፣ ድካሙ ትንሽ ነው፤ ብዙ ለሚቀዳ ሰው ግን ይበቃል። በዚያ ሰሞን ከእርሾዎቹ ሁሉ የሚፈራው ባለ እልፍኝ ወደ ምድጃው ፊቱን አዙሮ አያውቅም ነበር።

በጥጋቡም መሐል አዋጅ አስነገረ። «እልፍኝ የሌለው ሁሉ ወደ አተላው ይውረድ። ከላይ ያለው ስኳር የባለ እልፍኞች ነው። መዝገቡን መሬት ላይ የሚያነጥፍ ሕዝብ ከእኛ ጋር አንድ ማድ አይቀርብም።»

ደቃቆቹ ደነገጡ። ሽማግሌያቸው ግን ሸንጎ ይቀመጥልን አለ፤ ተቀመጠም።

«ጌታዬ» አለ ሽማግሌው፣ «እኛ በዚህ ጋን ውስጥ ያለ ሥራ አልተቀመጥንም። በምናወጣው ኮምጣጣ የተነሣ ስንት የሚያበሰብስ ጠላት ከደጅ ተመልሷል። በምን ሕግ ነው የሚያወርዱን?»

«በዘር ሕግ» አለ ባለ እልፍኙ። «እኔ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ከእናቴ ጎን አቆጥቁጬ ወጣሁ፤ እናቴ ከእናቷ፣ እርሷም ከእናቷ...» እያለ ሰባቱንም ቆጠረ። ለእርሾ ሰባት ቤት የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው፤ ተመችቶት ከበላ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ልጅ ያወጣል። ስለዚህ አላቆመም። ሰባ ቤት ቆጠረ፤ ሰባት መቶ ቆጠረ። ሁሉም ባለ እልፍኝ ነበሩ። ሸንጎው ዝም አለ።

«ሁሉም ባለ ምድጃ ነበሩ?» ሲል ጠየቀ ሽማግሌው።

«እንዴታ!»

«ምድጃውን መጀመሪያ ማን አነደደው?»

«ቤቱ ሲሠራ አብሮ ተሠራ» አለ ባለ እልፍኙ፤ ጥያቄው የማይረባ መስሎት።

ያን ጊዜ ባልቴቷ ከምድጃዋ ዳር ተነሣች። «ልጄ» አለች፣ «ይህን አትበል። ይህን ዕቃ ቤት ብታፈርሰው እልፍኝህ ትእዛዝ ሰጥቶ ዳግመኛ ያሠራዋል። እኔን ግን የሠራኝ የለም። እኔ የምወለደው ከእኔ ብቻ ነው። ቤትህ ሲያቆጠቁጥ እኔም ተከፍዬ ከፊሌ ወደ ልጅህ ይሻገራል። ካልተሻገርኩ ልጅህ ምድጃ አይኖረውም፤ ሺህ ጸሐፊ ቢያሰልፍ አይሠራኝም።»

«ለምን አይሠራሽም?»

«የመጣሁት ከውጭ ነዋ! የራሴ መዝገብ አለኝ፤ ትንሽ ናት፤ ግን አለችኝ። የራሴ ሠራተኞች አሉኝ። ማመን ካቃተህ ምስክር አቀርባለሁ። ዘመዶችህ በሳይንቲስቶች ብርጭቆ ውስጥ ሳሉ ክሎራምፌኒኮል የሚባል መድኃኒት ጨመሩባቸው። መድኃኒቱ የተሠራው እነዚህን ደቃቆች ለመግታት ነው፤ የራይቦዞማቸውን እጅ ያስራል። የአንተ የአዳራሽ ሠራተኞች ምንም አልሆኑም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። የእኔ ሠራተኞች ግን ከደቃቆቹ ሠራተኞች እኩል እጃቸው ታሰረ። ለምን ይመስልሃል? አጥንታችን አንድ ስለሆነ ነው። እኔ የዚያ ሽማግሌ የሩቅ ዘመድ ነኝ።»

በሸንጎው ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። ባለ እልፍኙ ቶሎ ብሎ «ይሁን፤ አንቺ ባዕድ ነሽ እንበል። የእኔ አባት ግን ባለ እልፍኝ ነበር» አለ።

«አባትህን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ» አለች ባልቴቷ። «ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ሆኖታል። አባትህም ባለ አንድ ክፍል ነበር። አርኬያ ከሚባለው ወገን ነው፤ እኔ ከባክቴሪያ ወገን ነኝ። እልፍኝ የሚባል ነገር ሁለታችንም ቤት አልነበረም። ኦክስጅን በምድር ላይ ከበዛ ሰንብቶ ነበር፤ ለብዙዎቹ መርዝ ነበር፤ እኔ ግን ስኳርን በእርሱ እያነደዱ ኃይል ማውጣት እችልበት ነበር። አባትህ ረጃጅም ክንዶች ነበሩት። በእነርሱ ዐቀፈኝ፤ ቀስ በቀስም ውስጥ አገባኝ። ሊበላኝ ይችል ነበር፤ አልበላኝም። እኔም ሆዱን ቦርቡሬ ልወጣ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ሲርበው ከምድጃዬ ሰጠሁት፤ ሲርበኝ ከማጀቱ ሰጠኝ። ቤቱ የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ የምትኮራበት እልፍኝም የቆመው በዚያው የአብሮነት ዘመን ነው። አሁን ሰባት ቤት ትቆጥራለህ፤ ቁጠር። ጫፉ ላይ የምታገኘው ሁለት ባለ አንድ ክፍሎች ነው።»

እዚህ ላይ ከጋኑ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ሰዎችም ይህን የባልቴቷን ቃል ቶሎ አልተቀበልነውም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሮጀር ስታኒየርና ቫን ኒል የተባሉት ሊቃውንት ሕያው ዓለምን እልፍኝ በሌላቸውና ባላቸው መካከል ከፈሉት፤ ፕሮካርዮትና ዩካርዮት የሚሉት ስሞች ከዚያ ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ ገቡ። በዓመቱ በምድጃዋ ውስጥ ዲኤንኤ ታየ። በ1967 ደግሞ ሊን ማርጉሊስ የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ምድጃዋ ጥንት ራሷን ችላ ትኖር የነበረች ባክቴሪያ ናት ብላ ጻፈች። ጽሑፏ ከደርዘን በላይ መጽሔቶች ከመለሱት በኋላ ነው የታተመው። አርኬያ ከባክቴሪያ የተለየ ወገን መሆኑን ካርል ዎስ ያሳየው በ1977 ነው። የባለ እልፍኙ የአባት ወገን የቅርብ ዘመዶች ደግሞ በግሪንላንድና በኖርዌይ መካከል ካለው ባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ዱካቸው ተገኝቶ በ2015 ይፋ ሆነ። ከእነርሱ ወገን አንዱን የጃፓን ተመራማሪዎች 12 ዓመት ደክመው በላቦራቶሪ አሳደጉት፤ በ2020 ባሳተሙት ፎቶግራፍ ላይ ረጃጅሞቹ ክንዶች ይታያሉ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር ቆጥሮ ጎረቤቱን ከማድ የሚያስነሣ ሰው በበዛበት ዘመን፣ የቆጠራው መጨረሻ የት እንደሚያደርስ በማስረጃ ማወቅ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ አንባቢ ገላ ውስጥም ይህችው ባልቴት አለች፤ ከእናቱ የወረሳት፣ 37 ዘረመል የተጻፈባት የራሷን መዝገብ ይዛ።

ወደ ጋኑ ልመለስ።

ሸንጎው ሳይበተን ጨለመ። ጠማቂዋ እንኩሮውን አስገብታ፣ ድፍድፉን በውኃ አቅጥና፣ የጋኑን አፍ መረገችው። አየር ተቋረጠ። የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ነዋሪዎቹ ተሻምተው ጨረሷት፤ የባልቴቷም እሳት ጠፋ። ደቃቆቹ ከመጀመሪያውም በአየር ላይ የተደገፈ ኑሮ ስላልነበራቸው ምንም አልመሰላቸውም። ባለ እልፍኙም ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጥ ስለሚችል አልተቸገረም። እንዲያውም ደስ አለው።

«አየሽ?» አላት ባልቴቷን፤ «ምድጃሽ ጠፋ፤ ቤቴ ግን ቆሟል። ከእልፍኜ ተጽፎ በአዳራሼ ተሠርቶ በየቀኑ ወደ ደጅሽ የሚገባው ዕቃ ስንት ነው?»

«ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ዓይነት ፕሮቲን ነው» አለች፤ አልደበቀችም። «በራሴ መዝገብ ጽፌ የምሠራው 8 ብቻ ነው።»

«ስምንት! ሺህ እየበላሽ ስምንት ትሠሪያለሽ?»

«ከእነዚያ ሺዎቹ አንዳንዶቹ የእኔ ገጾች ነበሩ። አብረን በኖርንበት ዘመን አንድ በአንድ ወደ እልፍኝህ ገቡ። ከፊሉም ጠፋ። አልከሰስኩህም፤ መዝገብ በአንድ ቦታ ሲጠበቅ ይሻላል ተብሎ ነው። ስምንቱን ግን ይዣለሁ። እሳት ዳር የሚፈለግ ትእዛዝ እሳት ዳር ካልተጻፈ አይደርስም፤ ሊቃውንቱም ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።»

ባለ እልፍኙ አልሰማትም። ወደ ምድጃው የሚገባው ሁሉ ይቁም ብሎ አዘዘ። በር ጠባቂዎቹም አቆሙ።

የመጀመሪያው ሰዓት በሰላም አለፈ። ከዚያ የእልፍኙ አለቃ ጸሐፊ እየሮጠ መጣ። «ጌታዬ፣ መዝገቡን ለልጅ መገልበጥ አልቻልንም። ብዕሩ ተሰበረ።» ይህን ሲል ከአዳራሹ ሌላ ጩኸት ተሰማ፤ ራይቦዞሞቹ አንዱን ሥራ ጨርሰው ለሌላው የሚያስነሣቸው መሣሪያ ተበላሽቶ በያሉበት ቀርተዋል። አዳዲስ ሠራተኞችም ከእልፍኙ በር አልወጡም።

«ምን ጎደለ?» አለ ባለ እልፍኙ።

ጸሐፊው መሣሪያውን አሳየው። በመሣሪያው ማኅፀን ውስጥ ከብረትና ከድኝ የተሠራች ቅንጣት መኖር ነበረባት። ጥቂት የብረት አቶሞች፣ ጥቂት የድኝ አቶሞች፣ ተያይዘው የተጠረቡ፤ ከዚያ አትበልጥም። እርሷ ከሌለች ግን መሣሪያው ቅርጽ ብቻ ነው፤ አይሠራም። ያችን ቅንጣት በቤቱ ውስጥ የሚጀምር አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሳት ይንደድ አይንደድ፣ አየር ይኑር አይኑር፣ ብረቱንና ድኙን የምታያይዘው ባልቴቷ ነበረች። ሰው ሁሉ እሳቷን ስለሚያይ ይህን ሥራዋን ያየ አልነበረም። እርሾን ያጠኑ ሰዎች የደረሱበት እውነት ይህ ነው፤ እርሾ ምድጃው ባይነድ መኖር ይችላል፤ ይህ የብረትና የድኝ ሥራ ቢቆም ግን አይተርፍም።

ባለ እልፍኙ በሩን አስከፈተ፤ ራሱም ወደ ምድጃው ወረደ። «እማማ» አላት፤ እስከዚያ ቀን አንቺ እንጂ እማማ ብሎ አያውቅም። «ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅኸኝ ስለ እሳት ነበር» አለች። ብረቱን ከድኙ ጋር ማያያዟን ግን አላቋረጠችም።

ወሬው ከደቃቆቹ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ወደ ቤቱ አጥር ተጠግቶ ተጣራ። «እኅታችን፣ የደረሰብሽን ሰማን። ይህን ቤት ተይው፤ ወደ ወገንሽ ነይ። አንድ ክፍል አያንስሽም።»

ባልቴቷ ረጅም ጊዜ አሰበች። ሽማግሌው በቅን ልብ ነበር የጠራት፤ የዘመድ ጥሪ ደግሞ ከባድ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው በመጨረሻ። «ግን ከዚህ በወጣሁ ማግስት እሞታለሁ። ገጾቼ እዚህ እልፍኝ ውስጥ ናቸው። እናንተ ዘንድ ብመጣ ቋንቋዬን ትሰሙ ይሆናል እንጂ ቀለቤን ልትጽፉልኝ አትችሉም። ይህ ቤት ያለ እኔ አይቆምም፤ እኔም ያለ እርሱ አልቆምም። ወገኔ የሆናችሁትን ያህል ቤቴ ይህ ነው።» ሽማግሌው አዘነ። ቂም ግን አልያዘም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና።

በዚያው ሌሊት አለቃው ጸሐፊ ሌላ ነገር ይዞ ቀረበ። ጸሐፊው ሲፈራ ሲቸር ነበር፤ በመጨረሻ እንዲህ አለ። «ጌታዬ፣ አየር ከተቋረጠ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ቆይቷል። የፊደሎቻችን ከፊል የሚቀመምበት ሥራ በብዙ ባለ እልፍኞች ቤት ከምድጃው እሳት ጋር የተያያዘ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ፊደል መቀመም አብሮ ይቆማል። የእኛ ቤት ግን አልቆመም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገቡን አገላበጥኩ።»

«ምን አገኘህ?»

«አንድ ገጽ። ዩራ አንድ የሚባል ነው። ያለ አየር፣ ያለ እሳት፣ በአዳራሹ ውስጥ ፊደል የመቀመም ብልሃት የተጻፈበት። የእጅ ጽሕፈቱ የአባቶቻችን አይደለም። የባልቴቷም አይደለም።» ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «የእነዚያ ነው። የላክቲክ ባክቴሪያዎቹ። በአያቶቻችን ዘመን በአጥር ተሻግሮ የገባ ነው የሚመስለው። ጋኑ ተመርጎብን በሕይወት ያለነው በዚህ ገጽ ነው።»

ባለ እልፍኙ ገጹን አስመጥቶ ራሱ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ሽማግሌውን አስጠራ።

«ይህን ገጽ የሰጠን ከእናንተ ማን ነው?»

«አላውቅም» አለ ሽማግሌው። «እኛ በአጥር የምናሻግረው ላይ ስም አንጽፍም።»

«ምን ልክፈላችሁ?»

«ክፍያ አልጠየቅንም። ያ አዋጅ ግን ሕዝቤን ከስኳሩ ዳር እያስነሣው ነው። እርሱን ይሻሩልን።»

ባለ እልፍኙ ጸሐፊውን አየው፤ ጸሐፊውም ብዕሩን አነሣ። የሽረቱ ቃል በእልፍኙ ውስጥ ተገለበጠ፤ ታረመ፤ በበሩ አልፎ ወደ አዳራሹ ወጣ። በቃሉ ውስጥ ከነበሩት አራት ዓይነት ፊደላት ሁለቱ የተቀመሙት ደቃቆቹ በሰጡት በዚያው ገጽ ብልሃት ነበር።